የወይዘሮ ጭራ

«በቃ አስገቢው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ጓደኛዋ ሬዲዮ።

ጩጬ ወንዱን እንሽላሊት በመዳፏ እንደያዘች ከመስታወት ሳጥኑ በላይ ቆማለች። ከመብላትና ከመንጠራራት ሌላ ሥራ ስለሌለው «ጎረምሳው» ነው የሚሉት። ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ሴቷን ደግሞ አክስቷ «ወይዘሮ» ብላታለች፤ ስሙም ልክክ ብሎላታል። እነዚህ የበረሃ እንሽላሊቶች ግድግዳ ላይ እንደሚሮጡት ዓይነት አይደሉም፤ የዓይን ቆብ አላቸው፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄዱት። ወይዘሮ ደግሞ አካሄዷ ብቻውን ያስቃል፤ እግሯን አንድ በአንድ፣ ወለሉ ያልተወለወለ ይመስል እየተጠነቀቀች ነው የምታሳርፈው። ትል ሲቀርብላት አትሻማም። ትክ ብላ ታየዋለች፣ የጭራዋን ጫፍ ነቅነቅ ታደርጋለች፣ ከዚያ ላፍ። ስትጨርስ አፏን በምላሷ ግራና ቀኝ ጠርጋ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ጩጬ ይህን ለማየት ስትል ስንት ጊዜ የቤት ሥራዋን እንደረሳች ቤት ይቁጠረው።

ጩጬ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች የወጣላት ስም ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም አልለቀቃትም። ሬዲዮ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ለምን ሬዲዮ እንደተባለች አጠገቧ ትንሽ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ትምህርት ሲዘጋ ከነቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው፤ ጩጬ ይህን የሰማች ቀን ሆዷ ባብቶ «የወይዘሮን የመጀመሪያ ልጅ ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አለቻት። ሬዲዮም ሳጥን አዘጋጅታ፣ አሸዋ አጥባ፣ ስም ሳይቀር አውጥታ መጠበቅ ጀመረች።

የጩጬ አክስት ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። እቤት ስትገባ ግን ነጩን ጋወን አውልቃ ሳትቀመጥ በቀጥታ ወደ ጓዳ ነው፤ እንሽላሊቶቿ ያሉት እዚያ ነውና። እያንዳንዱ ሳጥን በአንድ በኩል ከሥሩ ማሞቂያ፣ በሌላ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ጥግ አለው። «የሚስማማቸውን እነሱ ይምረጡ፤ የኛ ሥራ ምርጫ መስጠት ነው» ትላለች። የሷዎቹ አሁን ወይ ወንዶች ናቸው፣ ወይ አርጅተዋል። ወጣቷን ወይዘሮን ለጩጬ ስትሰጣት «ያንቺ ናት። ስለሷ የምትወስኚውም አንቺ ነሽ» ብላታለች።

ጩጬ ወይዘሮን በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን ትመዝናታለች። ባለፈው ወር ክብደቷ ሲጨምር ደስታዋን አልቻለችውም፤ «ወፈረችልኝ» እያለች ላገኘችው ሁሉ አወራች። ለካ ሆዷ ውስጥ እንቁላል ነበር። ወይዘሮ እርጥብ አሸዋ ቆፍራ ሁለት እንቁላል ስትጥል ያ ሁሉ ውፍረት አብሮ ሄደ። እንቁላሎቹም ጽንስ አልያዙም፤ አክስቷ በባትሪ አብርታ ብታያቸው ቢጫ ብቻ ነው፣ አንድም ቀይ የደም ሥር የለም።

«እኔም በዚሁ ተሸውጄ አውቃለሁ» አለቻት አክስቷ። «ሚዛኑ እንቁላሉን ከእናቲቱ ለይቶ አይነግርሽም። ጭራዋን ነው ማየት። የበረሃ እንስሳ ስንቋን የምትይዘው እዚያ ነው።»

ጩጬ አሁን ጭራውን እያየች ነው። ድሮ እንደ አውራ ጣት ድንቡሽ ያለ ነበር፤ ዛሬ እርሳስ አክሏል። ያን ቀን ወይዘሮ እንቁላሎቹ ባዶ መሆናቸውን ሳታውቅ ጉድጓዱን ደፍና፣ አሸዋውን በአፍንጫዋ ደልድላ፣ ደክሟት እየተንገዳገደች ነበር የወጣችው። ጩጬ በሕይወቷ እንደዚያ የምታከብረው ነገር አይታ አታውቅም።

«ዛሬ አላስገባውም» አለች።

«እሺ፣ ነገ?»

«ነገም። ዘንድሮ ይበቃታል።»

ሬዲዮ ሳቀች። «ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? አሁን ካልገባ ትምህርት እስኪዘጋ አይደርስም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«እና? እየበላች አይደል? እንሽላሊት እኮ ናት። እንቁላል መጣል ብርቋ ነው?» ከዚያ ሬዲዮ ድምፅዋን ቀነሰች። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

ጩጬ መዳፏ ላይ ያለውን አየችው። ጎረምሳውን ልቅቅ ብታደርገው የሚቆጣት የለም። አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች፤ ውሳኔውን ግን ለሷ ትታዋለች። ምናልባት በዚህኛው እንቁላሉ ይይዝ ይሆናል። ምናልባት ወይዘሮም ትችለው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት አሸዋው ላይ ደርቃ ትገኛለች።

ጎረምሳውን ወደ ራሱ ሳጥን መለሰችና ወይዘሮን ቀስ አድርጋ አነሳቻት። «እጅሽን አምጪ። በሁለት እጅሽ። ጭራዋን በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው፤ እንዳትጫኚው ብቻ።»

ሬዲዮ እንደማኩረፍ እያለች ተቀበለቻት። ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች።

«አጥንቷ ይታወቃል» አለች።

«ድጋሚ ካረገዘች ከዚያው ላይ ነው የምትቀንሰው። ሌላ ከየት ታመጣለች?»

ሬዲዮ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እዚያ እኮ የማውቀው ሰው የለም። እሱ እንኳን ይኖረኛል ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች ጩጬ፤ የሷም እንባ መጣ። «ብትቆጪኝም፣ ብታኮርፊኝም እውነትሽን ነው።»

ወይዘሮ የሬዲዮ መዳፍ ሙቀት ተስማምቷት ዓይኗን ጨፍናለች። የሬዲዮ እንባ ጉንጯን አልፎ አገጯ ላይ ደረሰ፤ እሷ ግን እንዳትቀሰቅሳት ብላ እጇን አላነቃነቀችም።

ጩጬ የጎረምሳውን ማሞቂያ ከሶኬቱ ነቀለች። ሳጥኑን ከነማሞቂያው አቅፋ፣ በአክስቷ አጠገብ አልፋ፣ ከወይዘሮ አርቃ ወደ ሌላኛው ክፍል ይዛው ሄደች።