ጋቢና ዝም የማይባልባት ፒክአፕ

ፒክአፗ ከፋብሪካ ከወጣች ገና ወር አልሞላትም፤ የመንዳት ልምዷ ግን አርባ ዓመት ነበር። በሞጆ ይህ የሚያስገርመው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። መኪና ሁሉ ራሱን በሚነዳበት በዚያ ዘመን፣ አዲስ መኪና ለገበያ ከመቅረቧ በፊት የአንድ አንጋፋ ሹፌር እጅና እግር ይጫንባታል። ሹፌሩ መዳሰሻ ጓንትና ጫማ አጥልቆ ለወራት ይነዳል፤ መሪ አጠማዘዙ፣ ፍሬን አያያዙ፣ ኩርባ ላይ የሚያሳየው ጥንቃቄ ሁሉ፣ በጊዜው ጋቢና ውስጥ ከሚሰማው ድምፅ ጋር ተቀድቶ ይቀመጣል። ይህን እጀ-ቅጂ ይሉታል።

ውብአንቺ እጀ-ቅጂ ከሚቀዱና ከሚያርሙ ባለሙያዎች አንዷ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ሀጂ ሙዘይን የሚባሉ የመቂ ቲማቲም ነጋዴ አዲሷን ፒክአፓቸውን ይዘው ጋራዡ መጡ።

"ልጄ፣ ትንቀጠቀጣለች" አሉ። "ብዙም አይደለም። ነዘር ነዘር ታደርገኛለች።"

"በስንት ፍጥነት ሲሄዱ ነው?"

"ደስ ባላት ጊዜ ነው እንጂ! አንዴ ስትበር፣ አንዴ ስታዘግም። ልጄ አብሮኝ ሲሆን ግን እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ! እሱም ይኸው 'አባዬ፣ አርጅተሃል' ማለት ጀምሯል።"

ውብአንቺ ነገሩን አቅልላ ነበር ያየችው። ጎማዎቹን ባላንስ አስደረገች፤ ቸርኬው ጎብጦ እንደሆነ አሽከርክራ አየች፤ ከሥር ገብታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። እንከን የለም። ብረቱ ደህና ከሆነ ደግሞ ችግሩ ቅጂው ላይ ነው ማለት ነው፤ የዚህን ሞዴል ቅጂ የቀዳችው ደግሞ ራሷ ናት።

"ሀጂ፣ እስቲ አንድ ዙር አብረን እንሂድ" አለች።

ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ ወጡ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው፤ መሪው ለብቻው ይዞራል። ሀጂ ጋቢና ከሹፌሩ ወንበር ጎን፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡ። ሀጂ ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ አወጉ፤ ፒክአፗ ምንም አልተንቀጠቀጠችም።

"አየሽ? ሰው ሲያያት ትታረማለች!" ብለው በንዴት ሙስባሃቸውን አውጥተው እየቆጠሩ ዝም አሉ። ብዙም ሳይቆይ መሪው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አለ፤ ወንበሩም ነዘራቸው።

"ይኸው! ወላሂ፣ ይኸው!" ብለው ጮኹ።

መሪው ጸጥ አለ።

ውብአንቺ ወደ ፊት ተጠጋች። "እስቲ እንደገና ዝም ይበሉልኝ።" ዝም አሉ፤ መንቀጥቀጡ መጣ። "አሁን ያውሩ።"

"ምን ላውራ?" ከማለታቸው ቆመ።

ሀጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። "አወቅኳት! ይህቺ የድሮ ሹፌር ናት። በወጣትነታችን ጋቢና የተቀመጠ ሰው መተኛትም ዝም ማለትም አይፈቀድለትም ነበር፤ ሹፌሩን ያጫውታል። ዝም ካለ ሹፌሩ መሪውን ነቅነቅ ያደርግና 'ተጫወት እንጂ!' ይለዋል። ይህቺም ተጫወት ነው የምትለኝ። ሹፌሯ ማን ነው?"

"ጋሽ መንገሻ" አለች፤ ድምፅዋ ወረደ።

ቅጂው የተቀዳው በጅቡቲ መንገድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ መንገሻ ገና ሞጆን ሳይለቁ ጨዋታ ጀመሩ። "ይቅርታ ጋሼ፣ በቀረጻ ጊዜ ወሬ አይፈቀድም፤ ድምፅ ጓንቱን ይረብሸዋል" ብላ አስቆመቻቸው። ውሸቷን ነበር። ጓንቱን የሚረብሸው ነገር የለም፤ የሽማግሌ ወሬ የሰለቻት እሷ ናት። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ጋቢና ቁጭ አለች፤ እሳቸውም ያን ሁሉ በረሃ አፋቸውን ዘግተው ነዱ። አልፎ አልፎ መሪው ነቅነቅ ይላል። አስፋልቱ ልስልስ መሆኑን ታያለች፤ ሽማግሌው በዓይናቸው ጠርዝ እንደሚያዩዋትም አይጠፋትም። ሙዚቃውን ከፍ ታደርጋለች። ሲለያዩ "ቤትዎ መጥቼ እንጫወታለን" ብላ ነበር። አልሄደችም።

ጋራዥ ተመልሳ ለኃላፊዋ ደወለች።

"ለሁሉም መኪኖች ማረሚያ ይላክና መንቀጥቀጡ ይጥፋ" አላት።

"ባለእጁ ሳይፈቅድ ቅጂ አይነካም፤ ሕግ ነው።"

"እንግዲያው አስፈቅጃቸዋ!" አለና ዘጋው።

በምን ዓይኗ ታያቸዋለች? ሀጂ ግን "ይዘሻት ሂጂ፤ እኔ እዚሁ ሻይ እጠጣለሁ" አሉ። "የእኔን ግን እንዳታስጠፊብኝ። ለካ እስከ ዛሬ ብቻዬን አልነበርኩም።"

አዳማ፣ የጋሽ መንገሻን በር የከፈተችው ልጃቸው ፈትለወርቅ ነበረች።

"ውብአንቺ አንቺ ነሽ? ትመጣለች እያለ ስምሽን ያነሣ ነበር" አለች። "አሁን ግን ስትሮክ ከመታው ወዲህ መናገር አይችልም። ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፤ የተያዘው አንደበቱና አንድ ጎኑ ነው።"

ውብአንቺ አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ጋሽ መንገሻ ግን ፒክአፗን በመስኮት አይተው በደህናው እጃቸው ወደ ደጅ ያመለክቱ ነበር። ሁለቱ ደግፈው ጋቢና አስቀመጧቸው። ውብአንቺ ከኋላ ገባች፤ መኪናዋ በራሷ ተነሥታ ወደ ወንጂ አቀናች።

ሽማግሌው ባዶውን የሹፌር ወንበር አዩ። ኩርባው ላይ መሪው ቀስ ብሎ ሲጠመዘዝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አጠማዘዙ የራሳቸው ነበር። ቀጥታው ላይ ሲወጡ መሪው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አለ።

ጋሽ መንገሻ ወዲያው አወቁትና ፈገግ አሉ። መኪናዋ ግን ጋቢና የተቀመጠው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ የገዛ እጃቸው ተጫወት እያለ ይጎተጉታቸው ያዘ። አፋቸውን ከፈቱ። ከጉሮሯቸው ትንፋሽ ብቻ ወጣ። መሪው እንደገና ነቅነቅ አለ፤ እንደገና ሞከሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ውብአንቺ ከሰውየው የቀዳችው የመንዳት ችሎታውን ብቻ መስሏት ነበር። የሚያዋራው ሰው መናፈቁም አብሮ ተቀድቷል፤ አሁን በሺህ የሚቆጠሩ መኪኖች በየመንገዱ ሰውን አውራኝ እያሉ ይለምናሉ። ልታስፈቅድበት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። ትከሻቸውን ያዘች።

"ጋሽ መንገሻ፣ ያኔ ገብቶኝ ነበር" አለች። "መሪውን የሚነቀንቀው መንገዱ እንዳልነበረ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩዎት።"

መሪው ጸጥ አለ። ሽማግሌው ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ደህናውን እጃቸውን ወደ ትከሻቸው አሻግረው ጣቶቿን መታ መታ አደረጉ። ቀጥይ ማለታቸው ነበር።

ቀጠለች። እንባዋን እየጠረገች፣ አባቷ ወንጂ ሸንኮራ ይጭን ስለነበረበት ዘመን፣ ስለ መጀመሪያ ፍቅሯ፣ ያኔ በበረሃው ልትነግራቸው ትችል ስለነበረው ሁሉ አወራች። ፒክአፗም ጨዋታ እንደጣመው ሹፌር መመለሻውን መታጠፊያ ረስታ አለፈችው።