ሳንቃው ላይ የቀረችው ጠጠር

በጥዱ ደን መካከል ወደ ተራራው የሚወጣው የእሳት መንገድ የተጠረገው ለእሳት አደጋ መኪና ነው፤ በደህናው ቀን ግን የእግር ተጓዦች ይወጡበታል። ከመንገዱ ግርጌ ባለው ኬላ የጠባቂው የመኩሪያ ሥራ ቀላል ነበር፤ የሚወጣ ሁሉ አንዲት ጠጠር ኬላው ደጅ ባለው ሳንቃ ላይ ያኖራል፣ ሲመለስ ያነሣታል። ሳንቃው ባዶ ከሆነ ተራራው ባዶ ነው። ሰደድ እሳት ሲነሣም፣ እሳትን በእሳት ለመመከት ከመንገዱ ዳር ወደ ላይ የሚለኩሱት ሠራተኞች አስቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው።

አምና በግንቦት መኩሪያ ለማኅበር ጠላ ቸኩሎ፣ የቀረችውን አንዲት ጠጠር «በሌላ በኩል ወርዶ ይሆናል» ብሎ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ጣላት። ወዲያው ጭስ ታየ። የእሳት ሠራተኞቹ አለቃ «ላይ ሰው አለ?» ሲለው እውነቱን መናገር አፈረና «የለም፣ ጋሼ» አለ። ለኮሱ፤ ላይ የቀረው ሰው ተቃጥሎ ሞተ። በሪፖርቱ ላይ ሟቹ ጠጠር ሳያኖር ሾልኮ የገባ ጥፋተኛ ተባለ፤ መኩሪያም ፈረመበት። የሞተ ሰው አይከራከርም!

ዘንድሮ፣ ጭጋጋማ በሆነ አንድ ከሰዓት፣ ሦስት ተማሪዎች ወርደው ሦስት ጠጠር አነሡ። አንዲት ቀረች። ጠቁራለች፤ ሲነካት ትሞቃለች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ያ ሰውዬ ደረሰ?» አለች አንደኛዋ።

«የቱ?»

«ከኋላችን የነበረው። ስንቆም ይቆማል። ከሰል ሲያራግፍ የዋለ ነው የሚመስለው።»

«እሷማ ጫማዋ እስኪወልቅ ሮጠች!» ብላ ጓደኛዋ ሳቀችባት።

መኩሪያ አልሳቀም። ልጆቹ ሲሄዱ ጠጠሯን ቦዩ ውስጥ ወረወራት፤ ዞር ሲል ሳንቃው ላይ ናት። እፍረት ፊቱን ለበለበው። ዓመት ሙሉ ያልደፈረውን ሊያደርግ ቆረጠ፤ የራሱን ጠጠር ከጥቁሯ አጠገብ አኑሮ፣ ሰውየውን ፈልጎ እግሩ ላይ ሊወድቅ ወጣ።

ጭጋጉ ጥዱን ውጦታል፣ ወፍ የለም፣ የተቃጠለ ሙጫና የተቃጠለ ጸጉር የሚመስል ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ፣ ከሰል እንደሚረግጥ ሰው የሚንኮሻኮሽ እርምጃ ከላይ መጣ፣ ትከሻውን ሊነካው ምንም ሳይቀረው አለፈው፣ ሳይቸኩልም ወደ ኬላው ወረደ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ!»

እርምጃው ሳይቆም ወረደ።

መኩሪያ ያኔ ነው ጭጋጉ ጭስ መሆኑን የተረዳው። ከታች የእሳት አደጋ መኪና ደርሶ ሞተሩ ጠፋ። ጠጠር ቦይ ውስጥ ስትወድቅ ተሰማ። የአለቃው ድምፅ «ላይ ሰው አለ?» አለ። መኩሪያ «አለሁ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሳንቃው አጠገብ የቆመው ሰው በእሱው በመኩሪያ ድምፅ፣ ትንሽ እንደማፈር ብሎ፣ «የለም፣ ጋሼ» አለ።