የአቶ ደምሴ ሸክላ

መንፈስ አየሁ፣ የሞተ ሰው አናገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምለው «ስንት ጠጥተህ ነበር?» ነው፣ እናቴ እንኳ ስለ ዛር ስታወራ አሾፍባት ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዴ የወጣ ዕቃ በራሱ ጊዜ ተመልሶ አይገባም፣ ስለ ሞተ ሰው ያለኝ እምነትም ከዚህ አያልፍም ነበር። አሁን የማወራችሁን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እኔም አላምንም፣ ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየምም፣ መቀየምም ጉልበት ይጠይቃል።

ጊዜው በሽታውን በስሙ የማንጠራበት ጊዜ ነበር። «ሳንባ ነው»፣ «ጨጓራ ነው»፣ «መተት ነው» እንባባላለን፣ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ሲግናል አካባቢ ባለው እድራችን የዕቃ ኃላፊ ነበርኩ (ሰው አንዴ ንብረት ክፍል ከገባ ሰፈሩም አይለቀውም)፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ በእኔ እጅ ነው፣ እና እመኑኝ፣ በዚያ ዘመን ድንኳኑ ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሳይደርቅ ሌላው ግቢ ይተከል ነበር። ቅዳሜ ቀብር፣ እሁድ ለቅሶ፣ ማክሰኞ ደግሞ ሌላ ቀብር፣ ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ ስገባ አለቃዬ ገና ቀና ሳይል «ዛሬ ደግሞ ማን?» ይለኛል። እየቆየ ማልቀሱም ጠፋኝ፣ ሰው እያለቀሰ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ስለ ተበጠሰው ገመድና ስለ ጠፋው ካስማ ነበር፣ ስናገረው አፍራለሁ፣ ግን ደክሞኝ ነበር።

የሚያሳርፈኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ጃዝ። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ሲዲ ሲዞር እኔ የድሮ ሸክላ እሰበስባለሁ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው፣ እንዲያው ከየትም፣ በለስላሳ ጨርቅ ወልውዬ ወደ ካሴት እቀዳዋለሁ። ሱሱን የጀመርነው ከታናሽ ወንድሜ ከሳምሶን ጋር ነው፣ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ትዕግሥቱ አለኝ፣ ጆሮው ግን የእሱ ነው፣ አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ ከነትንፋሹ ያፏጭልሃል። ናዝሬት ሥራ ይዞ ሄዶ ዓመታት ቆየ፣ ሲመለስ ካፖርቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ተመረመረ፣ ውጤቱን እኔም እሱም ሳንነጋገርበት አወቅነው፣ ከዚያ «እንጦጦ ወጥቼ ጠበል እጠመቃለሁ» አለና ከጠበልተኞች ጋር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየ።

እሁድ እሁድ ከሲግናል በሁለት ታክሲ ፈረንሳይ እደርስና ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፣ ስንቅ፣ ለቴፑ ባትሪ ድንጋይ፣ አዲስ የቀዳሁትን ካሴት ይዤ። በዚያ ክረምት መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀምሮ ነበር፣ ግን ወረፋ ነው፣ የሳምሶንን ስም ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ተራው ሰኞ ጠዋት ደረሰ፣ ከቀረ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አሉኝ። እሱ ግን እምቢ አለ። ጎረቤቶቹ ጠበልና ኪኒን አይስማሙም፣ እምነት ማጉደል ነው ብለውታል። እዚያው የሚያጠምቁት አንድ አባት «ልጄ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» ብለውት ነበር፣ እሳቸውን አልሰማም። ስለዚህ ከዚያች ሰኞ በፊት ያለችው እሁድ ለእኔ እንደ ሌላው እሁድ አልነበረችም፣ በልመናም ይሁን በጉልበት ይዤው መውረድ ነበረብኝ፣ ካልሆነ የሚቀጥለውን ድንኳን ለማን እንደምተክል አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ አቶ ደምሴ ልንገራችሁ። ጡረተኛ ናቸው፣ በወጣትነታቸው አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር፣ ክረምት ከበጋ ቡናማ ካፖርት ይለብሳሉ፣ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ግማሽ የላትም። ወደ ሰፈራችን የመጡት ሳምሶን ናዝሬት እያለ ነው፣ ሲመለስም ብዙ ሳይቆይ እንጦጦ ስለወጣ ወንድሜ አያውቃቸውም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በአንድ ዓመት ሁለት ልጆቻቸውን ቀበሩ፣ የሁለቱንም ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ከዚያ በሰኔ እሳቸው ራሳቸው ሄዱ። ልብ ነው ተባለ፣ ይህ እንኳ እውነት ይመስለኛል።

ቤታቸው ለቅሶ ስቀመጥ የልብስ ሳጥናቸው ላይ አንድ ሽፋን የሌለው ሸክላ አየሁ። የሟች ዕቃ አርባው ሳይወጣ እንደማይነካ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፣ ስንቱን ዘመድ «ቆይ፣ አርባው ይውጣ» ብዬ የገሠጽኩ ሰው ነኝ፣ ግን ከሞቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሁድ ማታ ከእንጦጦ ስመለስ ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ አስካለ ገባሁና ጠየቅኳቸው።

«አርባቸው ይውጣ እንጂ ልጄ» አሉኝ።

«ለታመመ ወንድሜ ቀድቼ እመልሰዋለሁ» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፣ ግን ሙሉ እውነትም አልነበረም፣ ጎምጅቼ ነበር። ከሳጥኑ ላይ አንስተው ሰጡኝ።

መብራት እየጠፋ ሳምንቱን ሙሉ ሳልቀዳው ቀረሁ፣ ቅዳሜ ተሳካልኝ። ሽፋን ስለሌለው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ትራምፔት ነው፣ ቀስ ያለ፣ እንደ እኔ የደከመው ሰው የሚነፋው ዓይነት። ሦስተኛው ዜማ ላይ ጭረት አለበት፣ መርፌው እዚያ ሲደርስ ወደ ኋላ እየዘለለ ያንኑ ቁራጭ ሦስት ጊዜ ይደጋግምና በአራተኛው ያልፋል። ላስተካክለው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ፣ ከነጭረቱ ቀዳሁት፣ ካሴቱን ኪሴ ከተትኩና እሁድ ወጣሁ።

ሐምሌ ነው፣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ እስከ መሬት ወርዷል፣ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው ግን አይመስልም። ወደ ሳምሶን ክፍል ስቃረብ ፉጨት ሰማሁ፣ የእሱ ፉጨት ነው፣ ደስ አለኝ፣ ካፏጨ ብዙ ጊዜው ነው። ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ግን እግሬ ቆመ። ያ ዜማ ነው። ትናንት የቀዳሁት፣ ኪሴ ውስጥ ያለው፣ ማንም ያልሰማው። ምናልባት የታወቀ ዜማ ይሆናል አልኩ ለራሴ፣ ከሬዲዮ ሰምቶት ይሆናል፣ ይህን ብዬ ሳልጨርስ ጭረቱ ያለበት ቦታ ደረሰ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ መለሰው፣ በአራተኛው አለፈ። እመኑኝ፣ ክው አልኩ።

ገባሁ። መደቡ ላይ ጋደም ብሏል፣ ፊቱ ፈካ ብሏል።

«ይሄን ዜማ ከየት አመጣኸው?» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ሽማግሌው ናቸው ያስለመዱኝ ጋሼ። ከሰኞ ጀምረው፣ ጠዋት ጠዋት ከጠበል ስመለስ ደጄ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው አገኛቸዋለሁ። ጠበልተኛ መስለውኝ ነበር፣ ግን ሲጠመቁ አይቻቸው አላውቅም።»

ሸክላውን ቤቴ ያስገባሁት እሁድ ማታ ነው።

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ጨዋ ሰው። ቡናማ ካፖርት አላቸው። ሲያፏጩ ብትሰማቸው! እዚህ ጋ ለምን ይደጋግሙታል ብላቸው፣ እንዲህ ነው የሚባለው አሉኝ።»

«እጃቸውስ?» አልኩ፣ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም፣ መልሱን ፈልጌው አልነበረም።

ሳምሶን የግራ እጁን አነሳና ትንሿን ጣቱን ከመሐሏ አጥፎ አሳየኝ።

የሞቱ ሰው ናቸው ብዬ ብነግረው ይስቅብኛል ወይም ይፈራል፣ ሁለቱንም አልፈለግኩም። «ነገ ተራህ ነው፣ ተነስ እንሂድ» አልኩት።

«ነገማ እሳቸው ይመጣሉ» አለኝ። «ይዤህ እሄዳለሁ ብለውኛል፣ ቤታቸው ሸክላ ሞልቷል አሉ፣ እዚያ ሆነን እንሰማለን። ኪኒኑን ተወው ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ አልደክምም፣ እንዲያውም ቀሎኛል።»

ያን ጊዜ ነው የማላውቀው ቁጣ የመጣብኝ፣ ለስንቱ ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ አለቀስኩት፣ «ለአንተ ድንኳን አልተክልም! ትሰማለህ? ጉልበት የለኝም፣ ለአንተ አልተክልም!» እያልኩ እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጎረቤቶቹ በር ላይ ቆሙ። ሳምሶን እንዲህ ሆኜ አይቶኝ አያውቅም፣ ጫማውን ፈለገ።

ደግፌው መውረድ ጀመርን። ጭጋጉ ሦስት እርምጃ አያሳይም። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን ፉጨት መጣ፣ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሲደጋግም ሰማሁት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «መጡ» አለ ሳምሶን፣ እርምጃው ዘገየ። «ወደፊት እይ» አልኩት። እኔ አልዞርኩም፣ በእናቴ ስም እምላለሁ አልዞርኩም፣ ስለዚህ ምን እንደነበረ አላየሁም።

በዚህ መሐል አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ጎንበስ ብላ ከኋላችን በፍጥነት መጣች፣ ስታልፈን በቁጣ፣ «እናንተ ልጆች፣ አባታችሁን ጥላችሁ ትሄዳላችሁ? ሽማግሌው ደክሟቸዋል እኮ፣ ጠብቋቸው እንጂ!» አለችና ጭጋጉ ውስጥ ገባች።

ላብ አጠመቀኝ፣ ጠበሉስ እሱ ነበር። ሳምሶን ግን ዞረ፣ ዘመድ እንደሚሰናበት ሰው ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ፣ ጎትቼ ወሰድኩት። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ፉጨቱ የለም፣ ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «ሁለት ናችሁ?» ሲለኝ «ሁለት! ሁለት ብቻ!» ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል አስገባሁት፣ ኪኒኑን ጀመረ። ከሰዓት ሸክላውን ለወይዘሮ አስካለ መለስኩ። ተቀብለው በቀሚሳቸው ጠርገው፣ «ደምሴ እኮ ከነጭረቱ ነበር የሚያፏጨው፣ ስንስቅበት እንዲህ ነው የሚባለው ይለን ነበር» አሉኝ። እየተቻኮልኩ ቤቴ ገባሁ። ካሴቱን አጥፍቼ ሌላ ነገር ቀዳሁበት።

ሳምሶን ዳነ ማለት አይባልም፣ ግን ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፣ ወፍሯል፣ ይሠራል፣ ከእኔ ጋር ይኖራል፣ ማታ ማታ በሁለት ሰዓት ኪኒኑን ይውጣል። ስለዚያች እሁድ አውርተን አናውቅም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ ባለፈው ነሐሴ ራት በልተን ዝናቡን እየሰማን ሳለ በድንገት፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ደብቄሃለሁ» አለኝ። «እንዳትፈራ ብዬ ነው። ያኔ ሽማግሌው እኔን ብቻ አልነበረም የሚፈልጉት። በየቀኑ የሚጠይቁኝ ስለ አንተ ነበር። ወንድምህ መቼ ነው የሚመጣው፣ የት ነው የሚኖረው፣ ይሉኝ ነበር።»

«ምን አልካቸው?»

«ምን እላለሁ፣ የሽማግሌ ጥያቄ ነው፣ ነገርኳቸዋ። ሲግናል፣ ከቀበሌው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር አልኳቸው። እንግዲህ አንድ ቀን ጎራ እላለሁ አሉ።» ኪኒኑን በውኃ ዋጠና ሊተኛ ገባ።

እሱ ተኛ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፣ ደጅ ላይ ሰው ሲያፏጭ ማንኪያ ከእጄ ይወድቃል። አንድ ወዳጄ «ታዲያ ለምን ቤት አትቀይሩም?» አለኝ፣ በሩንማ ቀለም ቀይሬዋለሁ፣ ቤቱ ግን የቀበሌ ነው፣ የቀበሌ ቤት ለቅቄ የት እገባለሁ?