ትኩሳት የያዘው ስልክ

የናርዶስ እናት ሞታለች። ስልኳ ግን ቤት አለ።

ስልኩ ጠዋት ጠዋት እማዬ በቀዳችው ድምፅ ይቀሰቅሳቸዋል። «ናርዲዬ፣ ተነሺ! አባቷ፣ አንተም ተነሳ!»

አንድ ቀን ስልኩ «ዝዝዝ!» አለ። ጥፍት!

አባዬ መልሶ አበራው። «ዝዝዝ!» ጥፍት!

ሲበራ ደግሞ ማንም ሳይነካው አጎቷ ታፈሰ ጋ ደወለ። «ሃሎ! ሃሎ! ኧረ ተናገሩ!» አለ አጎቷ። «ዝዝዝ!» ጥፍት!

ናርዶስ ስልኩን ዳበሰችው። ይፋጃል!

እሷን ትኩሳት ሲይዛት እማዬ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ታደርግላት ነበር። ናርዶስም ጨርቅ አራሰች። ስልኩ ላይ አደረገችለት።

«ኧረ ናርዲ! ውሃ አይወድም!» አባዬ ሮጦ መጣ። ስልኩን በሸሚዙ ጠረገው።

«አባዬ፣ ገደልኩት?»

«አልገደልሽውም» አለ። እሱም ግን ፈርቷል።

ስልክ ጠጋኙ ጋሼ ዘካርያስ ጋ ሄዱ። ጋሼ ዘካርያስ ስልኩን ከፈተው። እፍፍ! እፍፍ! አደረቀው።

«ውሃው አልጎዳውም። ፊትም ታሞ ነበር» አለ። «ፎርማት ይደረጋል። ውስጡ ያለው ይጠፋና እንደ አዲስ ይሆናል።»

«ሁሉም ይጠፋል?»

«ሁሉም፣ የኔ እመቤት።»

ናርዶስ ስልኩን ነጠቀችው። ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «አይሆንም! የእማዬ ድምፅ አለበት!»

ጋሼ ዘካርያስ አባዬን አየው። አባዬ መሬት መሬት አየ። «ድምፁ ሌላ ቦታ የለንም» አለ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ድምፁን እናውጣ።» ጋሼ ዘካርያስ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ሰካ። «ድምፁ ወደዚህች ይገለበጣል። ብቻ መሀል ላይ እንዳይጠፋብን!»

«ዝዝዝ!» ጥፍት!

እንደገና ሞከሩ። «ዝዝዝ!» ጥፍት!

ናርዶስ የአባዬን ጣት ጨበጠች። «አይዞህ ስልኬ፣ አይዞህ!»

«አይዞህ» አለ አባዬም።

«ዝዝዝ…» አለ ስልኩ። ዝዝዝ… አልጠፋም!

«ወጣ!» ጋሼ ዘካርያስ ካርዷን ነቅሎ ናርዶስ መዳፍ ላይ አስቀመጣት። ናርዶስ ጭብጥ አደረገቻት።

ከዚያ ስልኩ ፎርማት ተደረገ። ጠፋ። ቆየ። ቆየ። በራ። ባዶ ነው።

ናርዶስ ጣቶቿን ቀስ ብላ ከፈተች። ካርዷ ስልኩ ውስጥ ገባች።

«ናርዲዬ፣ ተነሺ! አባቷ፣ አንተም ተነሳ!»

«ተነስቻለሁ!» ናርዶስ ዘለለች። «አባዬ፣ አንተም ተነሳሁ በላት!»

«ተነሳሁ» አለ አባዬ። ዓይኑን በሸሚዙ ጠረገ።

ማታ ናርዶስ አልጋዋ ላይ ሆና ጠየቀች። «ነገም ትቀሰቅሰናለች?»

«ትቀሰቅሰናለች።»

አባዬ ብርድ ልብስ አለበሳት። ስልኩን ትራሷ አጠገብ አደረገው። ደወሉን ለጠዋት ሞላ።