ያልጮኸችው ጥይት

ይህን ነገር መጻፍ ይገባኛል ወይስ አይገባኝም እያልሁ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ሲነገር በጣም አጭር ነው፣ አንድ ሰው ድኩላ ሊመታ ተኮሰ፣ ሳተ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ በቃ፤ እንዲህ ያለውን ወሬማ ቁንዝላ ውስጥ ያገኛችሁት ሽማግሌ ሁሉ አሥር አድርጎ ያወራላችኋል። ደግሞም እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ነው፣ አባቴ የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ ነው፣ እኛ ቤት ዕቃ ሲጠፋ ባትሪ አብርተን አልጋ ሥር እንፈልጋለን እንጂ መንፈስ ወሰደው አንልም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ላብራቶሪ ውስጥ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሳልለካ ቁጥሩን አልጽፍም፣ ጓደኞቼም በዚህ ይስቁብኛል። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም፣ የኋላው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄዬ ስለሆነ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ይርሳው ቁንዝላ አጠገብ፣ ከጣና ዳር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። በሴሚስተር ዕረፍት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ እሳቸው ዘንድ ሄድሁ። ውኃው ሲሸሽ በሚተወው መሬት ላይ የዘሩትን በቆሎ አንድ ድኩላ ጠዋት ጠዋት ከጫካው እየወጣ ይቀነጥስባቸው ነበር፣ እሳቸውም በየዓመቱ ለቅበላ ድኩላ ጥለው ሥጋውን ለጎረቤት ማካፈል ልማዳቸው ነው፣ ዘንድሮ ግን ዓይናቸው ሩቁን እንጂ ቅርቡን አላይ ብሏቸዋል።

«ማዶ ያለች ጀልባ ውስጥ ስንት ሰው እንደተቀመጠ እነግርሃለሁ፣ መዳፌ ላይ ያለው ጥይት ግን የዚህ የምንሽር ጠመንጃዬ ይሁን የሌላ አላውቅም» አሉኝ። «ኢንጂነር ሊሆን ነው ይሉሃል፣ ና እስቲ ለይልኝ።»

«ገና ነኝ እኮ ጋሼ፣ አንደኛ ዓመት ነኝ።»

«አንደኛ ዓመት ጥይት አያስለይም?»

ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ከጓዳ ሆነው «እሱንስ ማን በለየልኝ! ትናንት የእኔን ጫማ አድርጎ ገበያ ደርሶ መጣ እኮ» አሉ፣ ሦስታችንም ሳቅን።

ሥራው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዝናራቸው ውስጥ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ አሥራ ዘጠኝ ጥይት አለ፣ ሁሉም ነሐስ፣ ሁሉም የጣት ቁመት ያህል፣ ዓይነታቸው ሁለት ነው፣ ነገር ግን መንትያ ይመስላሉ። አንደኛው የምንሽሩ ነው፣ ሁለተኛው ከአንገቱ በጥፍር ውፍረት ያህል ይረዝማል፣ በግድ ከገፉት ይገባል፣ ሲተኮስ ግን ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል፣ ጋሽ ይርሳው የሚያውቁት አንድ ሰው በዚሁ ስሕተት ቀኝ ዓይኑን አጥቷል። እንግዲህ አስቡት፣ የአጎቴ ዓይን በእኔ እጅ ነበረ። የአባቴን አሮጌ መለኪያ፣ ካሊፐሩን፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ አሥራ አንዱ የምንሽሩ፣ ስምንቱ የሌላው ሆኑ።

«መጠኑ ብቻ አይበቃም» አሉኝ። «ጆሮህ ሥር አድርገህ ነቅንቃት። ባሩዷ ደረቅ ከሆነ ታንሾካሹካለች። ርጥበት የገባባት ዝም ትላለች፣ ዝም ያለች ጥይት አትመን።»

ነቀነቅሁ። አሥራ አንዱም ዝም። ዝናሩ ክረምቱን ሙሉ የተሰቀለው ጣራው የሚያፈስበት ግድግዳ ላይ ነበረ። ጋሽ ይርሳው እንደ ሕፃን ጓጉተው ይጠብቁኛል፣ አንዲትም የለችም ብዬ መናገር አፈርሁ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውን ባዶ እጁን መመለስ አልችልበትም። እሳቸው ለበሬው ገለባ ሊሰጡ ሲወጡ የዕቃ ሣጥናቸውን ከፍቼ ከታች ድረስ ፈተሽሁ፣ ከሥሩ በነጭ ጨርቅ የተቋጠሩ ሦስት ጥይቶች አገኘሁ። ንጹሕ ናቸው፣ በዘይት ታብሰዋል፣ ለካኋቸው፣ ልክ ናቸው። አንደኛዋን ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኋት። «ሽው» አለች፣ ስኳር በወረቀት ላይ እንደሚንሸራተት ያለ ድምፅ።

እሷን ይዤ ወጣሁ፣ ቋጠሮውን እንደነበረ መልሼ አሥሬ። ጋሽ ይርሳው በመዳፋቸው ተቀብለው ከፍ ዝቅ አደረጓት፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ከየት አገኘሃት?»

«ከሣጥኑ ነው ጋሼ። ለክቻታለሁ፣ ሦስት ጊዜ።»

ጥይቷን ከደረት ኪሳቸው ከተቷት። «ይሁና» አሉ። «አንተ ከመረጥሃት ይሁና።»

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወገግ ሲል ወደ ሐይቁ ወረድን። ጉሙ ከውኃው ላይ ገና አልተነሣም፣ ደንገሉ ከወገቡ በላይ አይታይም፣ የሐይቁ ዳክዬዎች፣ ይብራዎቹ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ውኃው ላይ ተኝተዋል፣ ከጉሙ ውስጥ የሆነ ዓሣ አጥማጅ ሲስል ይሰማኛል። ከሾላው ሥር በደረታችን ተኛን። ብዙም ሳንቆይ ድኩላው ከቁጥቋጦው ወጣ፣ ወንድ ነው፣ ጎኑ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ግራ ጎኑን ሰጥቶን በቆሎውን መቀንጠስ ጀመረ።

«ከፊት እግሩ ኋላ» አሉ ጋሽ ይርሳው በሹክሹክታ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። ጥይቷን አጉርሰው አቀባበሉ፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደገፉ፣ ቃታውን ሳቡ።

አሁን የምነግራችሁ እንዳየሁት ነው፣ አልጨመርሁም። ሰደፉ ትከሻቸውን መትቶ ወደ ኋላ ሲገፋቸው አየሁ። ከአፈሙዙ ጭስ ወጣ፣ የባሩዱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ድምፅ ግን አልነበረም። ጆሮዬ ተደፍኖ እንዳትሉኝ፣ ዓሣ አጥማጁ ሲስል እንደገና ሰማሁ፣ ውኃው ድንጋዩን ሲልሰው ሰማሁ፣ ጋሽ ይርሳው ጠመንጃውን ሲከፍቱ ባዶዋ ቀለሃ ድንጋይ ላይ ወድቃ «ቅጭል» ስትል ሰማሁ። ከይብራዎቹ አንዱ እንኳ አልተነሣም። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል፣ ይሄኛው አልጮኸም፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠመንጃውን ሳይሆን ጋሽ ይርሳውን አያቸው፣ ረጅም ጊዜ አያቸው፣ ከዚያ ዞሮ በእርምጃ፣ ጌታው እንደጠራው ከብት እየተዝናና፣ ጫካው ውስጥ ገባ።

የቆመበት ቦታ ሄደን ፈለግን። የደም ጠብታ የለም። ከኋላው ያለውን የዛፍ ግንድ በእጄ ዳሰስሁት፣ እርሳስ የበሳው ነገር የለም። ተመልሼ ቀለሃዋን አነሣሁ፣ ታቃጥላለች።

«ጋሼ፣ ሰምተዋል?»

«ምኑን?»

«ድምፁን።»

ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ ቆም ብለው «ጆሮዬ እንኳ ደኅና ነበር» አሉ፣ ግራ ጎናቸውን ያዝ አድርገው።

እትዬ የሻረግ ደጅ ላይ ጠበቁን። «ጥይት አልሰማሁም፣ ሳትተኩሱ ነው እንዴ የመጣችሁት? ጎረቤቱ ሁሉ ቢላውን ስሎ እየጠበቀ!»

«ሳትሁ» አሏቸው ባጭሩ፣ ገብተውም ተኙ።

ምሳ ላይ እትዬ የሻረግ ሣጥኑ የተነካካ መሆኑን አይተው ኖሮ፣ በጨዋታ መሐል «ነጩን ጨርቅ እንኳ እንዳትነካበት ልጄ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቃል የተገባባበት ነው» አሉኝ። «እዚህ የእሱ እኩዮች ሁሉ ለቀብራቸው ሦስት ጥይት ለይተው ያኖራሉ፣ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ይተኮሳል። ሌላ ጥይት አይሆንም፣ ራሱ መርጦ ያስቀመጠው ነው የሚተኮስ። ሲጎድል ያሳፍራል፣ ሰው አልባ ሆኖ ሄደ ይባላል።»

 ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም፣ ራሴን አወዛወዝሁ ብቻ፣ ቀለሃዋ ኪሴ ውስጥ እያለች።

ባሕር ዳር ተመልሼ ቀለሃዋን መኝታ ቤቴ፣ የእርሳስ መያዣዬ ውስጥ አስቀመጥኋት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ልክ ወገግ ሲል፣ «ሽው» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አይጥ መሰለኝ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት። ታናሽ እኅቴ ከወዲያኛው አልጋ «ስኳር ደብቀህ ነው የምትበላው? አካፍለኝ እንጂ፣ ስግብግብ!» አለችኝ፣ ስለዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም የሰማሁት ማለት ነው። ቀለሃዋን አወጣኋት፣ ውስጧን በባትሪ አየሁ፣ ባዶ ናት፣ ጣቴን ከተትሁ፣ ባዶ ናት። ጆሮዬ ሥር አድርጌ ነቀነቅኋት፣ አንሾካሾከች። ጋሽ ይርሳው እንዳስተማሩኝ፣ ልክ እንደ ሙሉ ጥይት።

ሳምንት ታገሥሁ፣ ከዚያ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ያቺን ጥይት ከነጩ ጨርቅ ነው የወሰድኋት። አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ገና በእጄ ስይዛት አውቄያታለሁ። ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አላረጀም።»

«ታዲያ ለምን ተኮሷት?»

«ሦስት ጊዜ ለካኋት ስትለኝ ድምፅህን ብትሰማው! እንዴት ብዬ ላሳፍርህ?»

«አሁን እኮ ሁለት ብቻ ቀሩ።»

«ድምፅ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያስ አልተተኮሰችማ። ሦስት ናቸው። አርፈህ ትምህርትህን ተማር።» ከዚያ ሳል አቋረጣቸው፣ «ይልቅ ይህች ግራ ጎኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አላስተኛኝ አለች» አሉኝና ተሰናበቱኝ።

ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር፣ ምንም አልተገኘባቸውም። ውጋት ነው ተባለ፣ ብርድ ነው ተባለ። ድኩላውን ሲያነጣጥሩ «ከፊት እግሩ ኋላ» ያሉት ቃል ያን ቀን ትዝ አለኝ፣ ለማንም አልተናገርሁም፣ አሁንም ከዚህ በላይ አልናገርም።

የጋሽ ይርሳው የመርዶ ስልክ ለአባቴ ሲደወል ወገግ ማለቱ ነበር። ቀለሃዋን የዚያን ዕለት በኪሴ ይዣት ሄድሁ፣ መንገዱን ሙሉ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር፣ ስታንሾካሹክ ነበር። ለቅሶው ላይ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል፣ ሬሳው ሊወጣ ነው፣ እትዬ የሻረግ ነጩን ጨርቅ ይዘው ወጥተው የጋሽ ይርሳው የልጅነት ጓደኛ ለሆኑት ለአያ ደሴ ሰጧቸው። አያ ደሴ ፈቱት። ሁለት።

«ሦስተኛዋስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፣ «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትሁ። እትዬ የሻረግ በእንባ የራሰ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፣ ያውቃሉ፣ እመኑኝ፣ ያውቁ ነበር። «ሦስት ናቸው ብሎኝ ነው የሄደው» አሉ፣ ወደ አያ ደሴ መለስ ብለው። «የሰጠሁህን ተኩስ።»

አያ ደሴ ወደ ሰማይ አንድ ተኮሱ። ሁለት ተኮሱ። ጠመንጃውን አወረዱ፣ ሰዉ ሦስተኛውን ይጠብቃል፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያኔ ከታች፣ ከሐይቁ ዳር፣ ሾላው ካለበት በኩል፣ ሦስተኛው ጮኸ። ጥርት ያለ፣ የቀረበ። ይብራዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከውኃው ላይ ተነሡ፣ ድኩላም እንደ ውሻ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«ማነው እዚያ?» አሉ ሰዎች። «ከማዶ የመጣ ወዳጁ ይሆናል» አሉ ሌሎች። ሁለት ሰዎች ወርደው አዩ፣ ማንም አልነበረም። እትዬ የሻረግ ብቻ አልጠየቁም፣ «ሦስት» አሉ በቀስታ፣ ከሬሳው ኋላም መራመድ ጀመሩ።

እጄን ኪሴ ከትቼ ቀለሃዋን ያዝኋት፣ እንደዚያ ማለዳ ታቃጥላለች። ጆሮዬ ሥር አድርጌ ነቀነቅኋት፣ ዝም አለች፣ ከዚያ ወዲህም ዛሬ ድረስ በየማለዳው እነቀንቃታለሁ፣ ዝም ነው የምትለኝ፣ ዝም ያለችዋን አትመን ያሉኝን ግን መርሳት አልቻልሁም። ዝም ያለችው ሦስተኛው በጮኸበት፣ መጋቢት 14 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።