የላኮር ጎፈር መድኃኒት

የሐመልማላ ሕዝብ ለመኸር በዓል በወጣበት ማለዳ፣ የምድሪቱ ጠባቂ ታላቁ አንበሳ ላኮር ሲያገሣ፣ እንደ እሳት የሚያበራው ጎፈሩ ረግፎ እንደ ገለባ በነፋስ ተበተነ። ሕዝቡ በዋይታ ምድሩን አናወጠው። ከሰሜኑ ገደል ማዶ የሚኖሩትን፣ ቤት የሚያካክሉ ጅቦች አስፈርቶ ያኖራቸው የዚያ ጎፈር ብርሃን ነበርና።

ንግሥት እምራን የቤተ መንግሥቱን ቅባት ቀማሚ፣ ወጣቷን ጽጌላን አስጠራች። ጽጌላ ከወገቧ በሚያልፈው ሹሩባዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ነበረች።

«ልጄ፣ የሞተ የጠጉር ሥር የሚያስነሣው በዘንዶው ምንጭ ዳር የሚበቅለው ሰማያዊ ሬት ብቻ ነው ይባላል። ትሄጃለሽ?»

«ሬቱን ሳልይዝ ብመለስ፣ የእናቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

አሮጌው የጦር አለቃ አባ መብረቅ አብሯት ወጣ። ስድስት ቀን ሙሉ እየፎከረ፣ ግጥሙ ሲጠፋበትም እሷ እየሞላችለት ከምንጩ ደረሱ። ዘንዶው ከውኃው ብድግ ሲል አባ መብረቅ ሰይፉን መዘዘ። ጽጌላ ግን ዘንዶው ጉትያውን ከቋጥኙ ጋር ሲያሽ አየች።

«ጌታዬ፣ ፎረፎር አስቸግሮዎታል መሰል?»

ዘንዶው አፈረ። «ሦስት መቶ ዓመት ሆነኝ» አለ።

እንዶድ ወቅጣ፣ አረፋውን አስነሥታ አጠበችው። ዘንዶው እንደ ድመት ዓይኑን ከድኖ ተንጎራጎረ። ሲያበቃም ሦስት ቅጠል ሬት ሰጣት። «ግን ተጠንቀቂ» አላት። «ካነሰ አይሠራም፤ ከበዛ ሥሩን ለዘላለም ያቃጥላል። መጠኑን እኔም አላውቀውም።»

ሲመለሱ ጅቦቹ ገደሉን ተሻግረው ነበር። ከተማው እስኪደርሱ መጠኑን ለመፈተን የቀረው ጊዜ የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ላኮር ላይ ደግሞ መሳሳት አይቻልም።

«በጢሜ ሞክሪው!» አለ አባ መብረቅ።

«የጢም ሥር ከራስ ጠጉር ሥር ይለያል፣ አባቴ፤ ያሳስተኛል» አለችው። መቀስ አንሥታ ሹሩባዋን ቆረጠች፤ ቀጥላም ተላጨች። አደስ ወቅጣ በጉሎ ዘይት ለወሰችና በአራት ዋንጫ ከፈለችው፤ በአንዱ ሁለት፣ በሌላው አራት፣ በሦስተኛው ሰባት፣ በመጨረሻው አሥር ጠብታ ሬት ጨመረች። ራሷንም በአራት ከፍላ እያንዳንዱን ለየብቻ ተቀባች።

ቃጠሎው እስከ ማታ አንገበገባት። በማግሥቱ ንጋት መስተዋት ፊት ቆመች። ሁለቱ ጠብታ ምንም አልሠራም። ሰባቱና አሥሩ ያረፉበት የራሷ ግማሽ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሷል፤ ዳግም አይበቅልበትም። ባለ አራቱ ላይ ግን ጣት የሚያህል ጥቁር ጠጉር ቆሟል!

«አራት!» እያለች በባዶ እግሯ ሮጠች።

ላኮርን በቀቡት ጊዜ ጎፈሩ እንደ ፀሐይ ፈነዳ። ቢያገሣ ጅቦቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየወደቁ ፈረጠጡ። ከተማው በእልልታ ተናጋ፤ አባ መብረቅም እየፎከረ አለቀሰ።

ንግሥቲቱ የጽጌላን ራስ የሚሸፍን የወርቅ ዘውድ አቀረበችላት።

«ግርማዊት ሆይ፣ እሱ ይቅር» አለች ጽጌላ እየሣቀች። «ይልቅስ ድንጋይ ጠራቢ ይስጡኝ።»

በዚያው ቀን የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ተቀረጸ፦ «ሁለት እፍኝ አደስ፣ አንድ ዋንጫ የጉሎ ዘይት፣ አራት ጠብታ ሰማያዊ ሬት።» ጠራቢው መሣሪያውን ሊሰበስብ ሲል እጁን ያዘችና አንድ ቃል አስጨመረችው፦

«ተፈትኗል።»