ከቋጠሮው የሚነበበው ክር

የባዮሎጂ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የተሰቀለውን ክር በጣቱ እየነካ «ማሰብ ማለት ይሄ ነው!» ሲል ሚጢጢ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ አየች። ክሩ የእሷ ነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊና ነጭ፣ አንድ መቶ ሃያ የሸሚዝ ቁልፎች ተሰክተውበታል። ከሥሩ የተለጠፈው ካርድ ላይ ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር፤ የሬዲዮ።

ሬዲዮ ይህ ቅጽል ስም የወጣላት አፏ ስለማያርፍ ነው። ከሚጢጢ ጋር ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት፤ የአንዷን ቤት ጓዳ እንኳ ሌላዋ ታውቀዋለች። ዛሬ ከፊት ቆማ ሲጨበጨብላት ዓይኗ ክፍሉን በሙሉ ዞረ፤ የዘለለው ሚጢጢን ብቻ ነው። ባለፈው ዓርብ ክሩን የወሰደችው «ለወንድሜ ላሳየው» ብላ ነበር። ሚጢጢ ልትናገር እጇን ከፍ አደረገችና መልሳ አወረደችው። የገዛ ጓደኛዋ ከድታታለች።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ወር በፊት ነው። ጂን ማለት ሴል ፕሮቲን ለመሥራት የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፣ የሚነበቡትም ሦስት ሦስት እየሆኑ ነው። መምህሩ እንዳስተማረው፣ አዲስ ጂን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነባሩ በስህተት ሁለቴ ተገልብጦ ትርፉ ቅጂ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ነው። አንዳንዴ ግን ማንም ከማያነበው፣ ትርጉም ከሌለው የፊደል ክምር መሃል አዲስ ጂን ድንገት ብቅ ይላል። «ከምንም?» አለች ሚጢጢ ለራሷ። መምህሩ «እስቲ አስቡበት» ብሎ ወጣ። ሌላው ተማሪ ሁሉ ሳያስብበት ወደ ኳሱ ሄደ።

እሷ ግን ሞከረችው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ከቁልፍ የሚበዛ ነገር የለም። አራቱን ቀለም በአራቱ ፊደላት ምትክ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ከከረጢት እያወጣች ሰካች። ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ ሲከታተሉ «ጀምር» ማለት ነው፤ «አቁም» የሚሉ ደግሞ ሌሎች ሦስት ዓይነት ቅንብሮች አሉ። መጀመሪያ ላይ «ጀምር» ባገኘች ቁጥር አራት አምስት ርምጃ ሳትሄድ «አቁም» እየመጣ አላላውስ አላት። አንድ ቁልፍ በዘፈቀደ ትቀይራለች፣ ደግማ ትቆጥራለች። እናቷ «ልጄ፣ በአንቺ ምክንያት ደንበኛዬ ደረቱን ከፍቶ ሊሄድ ነው» እያለች ትስቅባታለች።

በአርባ አንደኛው ቅያሬ አንዱ «አቁም» ጠፋ። አሥራ ስምንት ሦስትዮሽ ሳይቋረጥ ተነበበ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቅንጣት፣ የአሥራ ስምንት ቅንጣት ትንሽዬ ፕሮቲን። ምናልባት ለምንም አይጠቅም ይሆናል፤ ከእንዲህ ዓይነቶቹ አብዛኞቹ መጥተው ይጠፋሉ፣ ሴሉን የሚጠቅም ሲገኝ ግን ይቀራል። ሚጢጢ ደስታዋን ይዛ የሮጠችው ወደ ሬዲዮ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ሬዲዮ ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዘቻት።

«ተናደድሽ እንዴ?»

«ክሬን መልሺልኝ።»

«ኧረ ባክሽ! አንቺ እኮ ሰው ፊት ስትቆሚ ድምፅሽ ይጠፋል። እኔ ባላወጣው ኖሮ እቤትሽ አቧራ ሲጠጣ ይኖር ነበር። ደግሞ ጂን ራሱ የሚገኘው በመገልበጥ ነው፣ ቲቸር ብሎ የለ?» ብላ ሳቀች።

«ጂን ሲገለበጥ ነባሩ አይጠፋም» አለች ሚጢጢ። ሳቁ አልተጋባባትም።

ሬዲዮ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ የሳይንስ ውድድሩ ዳኞች ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። ትምህርት ቤቱን ወክሎ የሚሄደው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከግራ ጀምሬ ብቆጥር ብቆጥር እምቢ አለኝ፤ ያ ረጅሙ የለም። የቱ ጋ ነው የሚጀምረው? በናትሽ!»

ሚጢጢ ወዲያው ገባት። ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ ሰው ክር የሚጀምረው ከቋጠሮው እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እሷም የሰካችው ከቋጠሮው ተነስታ ነው። ሬዲዮ ግን ቋጠሮውን በቀኝ በኩል አድርጋ ሰቅላ፣ ጽሑፉን ከጅራቱ እያነበበች ነበር።

«ከመሃል ጀምሪ» ብትላት ሬዲዮ ታምናታለች። አምናም ዳኞቹ ፊት ጉዷ ይፈላል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ መጣፈጡም አልቀረም። ከዚያ ግን ዳኞቹ ክሩን ሲያዩት፣ «ይሄማ የቁልፍ ጌጥ ነው» ብለው ሲያልፉት በሐሳቧ መጣባት። ያን ሁሉ ቀን የቆጠረችው የሰው መሳቂያ ሊሆን ነው። አላስቻላትም።

ወደ ክፍሉ ገባች። ሬዲዮ ተከተለቻት። ሚጢጢ ክሩን ከሰሌዳው አውርዳ አዞረችውና ቋጠሮውን በግራ አድርጋ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና ካርዱ ላይ፣ ከሬዲዮ ስም በላይ፣ የራሷን ስም ጻፈች።

«ቲቸርን ምን ልለው ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ያደረግሽውን።»

«ሰው ፊት ልታዋርጂኝ?»

«እሱን አላውቅም። ዳኞቹ ሲመጡ ግን የማነበው እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ወጣ።

ሬዲዮ ካርዱን አየች፣ ክሩን አየች፣ በመጨረሻ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እሺ፤ እንኳንም አስተካከልሽው። ታርቀናል ማለት ነው፣ አይደል?»

«ክሩን ነው ያስተካከልኩት» አለች ሚጢጢ።

ወንበር ስባ ሰሌዳው አጠገብ ተቀመጠችና ከቋጠሮው ጀምራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማንበብ ተለማመደች።